የቆላው ከርነል፦ ከላምበረት እስከ አልዩ አምባ

ይህን የምጽፈው አልዩ አምባን አይተው ለማያውቁ፣ ምናልባትም ለማያዩ ሰዎች ነው። እኔም ብሆን ሥራ ባያስወጣኝ ኖሮ ከደብረ ብርሃን አልፌ የምሄድ ሴት አልነበርኩም። ጉለሌ ተወለድኩ፣ ጉለሌ አረጀሁ፤ ለብርድም ለዳገትም የራሳችን ይበቃናል ስል ኖሬያለሁ።

ያስወጣኝ ከርነል ነው። ቃሉ አያስፈራችሁ። ኮምፒውተር ሲበራ ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ቀድሞ የሚነሣ፣ ዲስኩንና ሜሞሪውን፣ ኔትወርኩንም ይዞ ለሌሎቹ የሚያድል ክፍል ነው። ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ከርነሉ ለሁሉ ክፍት ነው። የሚያውቅበት ሰው የማያስፈልገውን አውጥቶ፣ የሚያስፈልገውን ትቶ ለራሱ ማሽን እንዲስማማ አድርጎ ይሠራዋል። ከዚያ ሌላ ሰው በአንድ ትእዛዝ እንዲጭነው ሆኖ ይጠቀለላል፤ ይህ ጥቅል ፓኬጅ ይባላል። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ እንጂ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመት እንጀራዬ ይህ ነበር። ሰብለንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ሰብለ ዛሬ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ትሠራለች። ዩኒየኑ ከደጋው የብቅል ገብስ፣ ከቆላው ማሾ ይሰበስባል። ሰኞ ዕለት ደወለችልኝ።

«እትዬ ሮማን፣ አልዩ አምባ መጋዘን ያለው ሰርቨር አልነሣም ብሏል። ከርነሉን ከቀየርን በኋላ ነው።»

«ታዲያ አስነሽው።»

«ቅዳሜ ቦርዱ ይሰበሰባል። የእኔ ፓኬጆች ይቅሩና ለሁሉም አንድ ዓይነት ይጫን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እነሱ ከቀሩ የእኔም ቦታ ይቀራል። የተቀጠርኩት ለዚሁ ነው።»

«ሐሳቡን ያቀረበው ማን ነው?»

«አማካሪያችን ናቸው።»

«ስም የላቸውም?»

«አቶ ዳኛቸው» አለች።

ሻንጣዬን ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኩ።

ዳኛቸው እውነተኛ ስሙ አይደለም። ስሙን የቀየርኩት ለእሱ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፤ ልጆቹ ምንም አላደረጉኝም። የክፍላችን ኃላፊ በነበረ ጊዜ አንድ ሐሳብ ይዤ ስብሰባ ገባሁ። መሥሪያ ቤቱ ትልልቅ ሰርቨሮች ነበሩት፤ በእነሱ ውስጥ ደግሞ ቨርቹዋል ማሽኖች ይሠሩ ነበር። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ትልቅ ሰርቨር ውስጥ በፕሮግራም የተፈጠረ፣ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ሆኖ የሚሠራ ነው። እውነተኛ ዲስክ ወይም እውነተኛ ኔትወርክ ካርድ አይነካም፤ ሁሉን ከትልቁ ይቀበላል። ስለዚህ ትንሽና ቀላል ከርነል ይበቃዋል፤ ለትልቁ ሰርቨር ግን ሙሉው ያስፈልጋል፤ ሁለት ፓኬጅ እንሥራ አልኩ። ዳኛቸው ብዕሩን አስቀመጠና «ሮማን ለእያንዳንዱ ማሽን ቀሚስ ልትሰፋለት ነው!» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ልብስ ሰፊዋ ሆነ። እኔን ወደ ንብረት ክፍል አዛወሩኝ። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ሐሳብ፣ ያለ ቀሚሱ፣ በአንድ አዳራሽ የራሱ አድርጎ ሲያቀርብ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁት። ተጨበጨበለት።

ይኸው ነው። አሁን ወደ መንገዱ።

ማክሰኞ ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ ደረስኩ። ሰው ቤት ማደር አልወድም። ሰው ቤት ካደርኩም ባለዕዳ ሆኜ አልነሣም። ስለዚህ የራሴን ብርድ ልብስ፣ ፔርሙዝ፣ ሲኒ፣ ስኳርና ለሦስት ቀን የሚበቃ ዳቦ ይዤ ነበር። የአውቶቡሱ ረዳት ሻንጣዎቹን ሲያይ «እማማ፣ ቤት እየቀየሩ ነው እንዴ?» አለኝ። ዕቃዬን ራሴ አነሣሁ። ሆኖም ከፊት፣ ፀሐይ የማይመታው ወንበር ፈልጎ አስቀመጠኝ፤ ሰንዳፋ ላይ ሰው ሊያስነሣኝ ሲል «እኚህ ሴትዮ ቤታቸውን ይዘው ነው የመጡት፣ አይነሡም» ብሎ ተከራከረልኝ። በእኛ ከተማ ታክሲ እንዲህ ያለ ረዳት አላየሁም።

ከሸኖ በኋላ ሜዳው ይሰፋል። ሰማዩ ዝቅ ያለ ይመስላል። ከጉለሌ ሰማይን ለማየት ቀና ማለት ያስፈልጋል፤ እዚህ ግን በመስኮቱ በኩል እስከ መሬት ድረስ ወርዶ ቆሟል። ጫጫ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም በሩ ተከፈተና ነፋሱ ገባ። የጉለሌ ብርድ ብርድ አለመሆኑን ያኔ አወቅሁ።

ደብረ ብርሃን ሰብለ ራሷ ባጃጅ ይዛ ጠበቀችኝ። ከወላጆቿ ጋር ነው የምትኖረው። አባቷ መሪጌታ አምኃ በአንድ ደብር የሚያገለግሉ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው። እናቷ ወይዘሮ አስካለ የበግ ወጥ ሠርተው ነበር። የእኛ ሰፈር በግ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይበላል፤ የዚያን ቤት በግ ግን ከየትኛው ቀበሌ እንደሆነ፣ እናቱ ምን ዓይነት እንደነበረች ሳይቀር ነገሩኝ።

«ሰዎች ልጅህ ምን ትሠራለች ሲሉኝ» አሉ መሪጌታ፣ «የኮምፒውተር ፍሬ ታሽጋለች እላለሁ። ከርነል ፍሬ ማለት ነው ብላኛለች። ተሳሳትኩ?»

«ከድሮ አለቃዬ ይሻላሉ» አልኳቸው።

«እሱ ምን ይል ነበር?»

«ቀሚስ።»

መሪጌታ ትንሽ አሰቡ። «ፍሬም ገለባ ይለብሳል መቼም» አሉ፤ ለማን እንደፈረዱ አልገባኝም።

ስተኛ የራሴን ብርድ ልብስ ዘረጋሁ። ወይዘሮ አስካለ ገብተው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ፈተኑት፤ ወጥተው የራሳቸውን ወፍራም ብርድ ልብስ አምጥተው ደረቡልኝ። አያስፈልግም አልኩ። «ለእርስዎ አይደለም፤ ብርድ ልብስዎ እንዳይበርደው ነው» አሉ። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ረቡዕ የሰብለን የሥራ ክፍል አየሁ። ስለዚህ ክፍል ማጋነን አልፈልግም፤ ግን በሙያዬ ዘመን እንዲህ ያለ ሥርዓት አላየሁም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የግድግዳው ቀለም ተልጧል። አንድ ትልቅ ሰርቨር አለ፤ በውስጡ የሒሳቡ፣ የግዢውና የመጋዘኑ ቨርቹዋል ማሽኖች ይሠራሉ። በየወረዳው ቅርንጫፍ ደግሞ ትንንሽ ሰርቨሮች አሉ። ሰብለ ከአንድ ምንጭ ሁለት ከርነል ታወጣለች። ስለዚህ አንድ ስህተት ሲታረም ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ይታረማል። እኛ ስንሠራ አንዱን አርመን ሌላውን እንረሳ ነበር።

ከሠራች በኋላ ትፈትናለች። አንድ አሮጌ ማሽን ጥግ ላይ አስቀምጣለች። ከርነሉን ጭና፣ ሥራ አስጀምራው፣ በመሐሉ ሶኬቱን ትነቅለዋለች። መልሳ ትሰካዋለች። እንደገና ትነቅለዋለች።

«ምን አደረገሽ ይኼ ማሽን?» አልኳት።

«እትዬ፣ እዚህ መብራት ሳይናገር ነው የሚሄደው። እሱ ሳይነቅልብኝ እኔ ልንቀልበት ብዬ ነው።»

በእኛ መሥሪያ ቤት ትልቅ ጄኔሬተር ነበር። ማንም ሶኬት ነቅሎ ሞክሮ አያውቅም፤ ጄኔሬተሩ ራሱ የተበላሸ ቀን ግን ምን እንደሆነ እኔና ዳኛቸው እናውቃለን።

ፓኬጆቹ ሁለት ስም አላቸው፤ «ደጋ» እና «ቆላ»። ደጋው ለእውነተኛ ሰርቨር ነው፤ ዲስክንና ኔትወርክ ካርድን የሚያናግሩትን፣ ድራይቨር የሚባሉትን ፕሮግራሞች ሁሉ ደርቦ የለበሰ። ቆላው ለቨርቹዋል ማሽን ነው፤ ቀለል ብሎ የለበሰ። ስሙን ስትነግረኝ ዓይኔን ሸሸች።

«የቀሚሱን ወሬ ሰምቼ ነው» አለች። «ለማሽን ልብስ ይሰፋል ወይ ብለው የሳቁትን። ይሰፋል ብዬ።»

መነጽሬን መጥረግ አስፈለገኝ። ክፍሉ አቧራ ነበረው።

የአልዩ አምባው ነገር ግን አልተፈታም። ጊዜው የማሾ ነው። ገበሬዎች ጆንያ ይዘው ይመጣሉ፤ ማሽኑ ስለማይሠራ መጋዘኑ አይረከብም፤ እነሱም ለነጋዴ፣ እሱ በሰጣቸው ዋጋ ይሸጣሉ። የመጋዘኑ ኃላፊ ሁሴን በስልክ የተናገረው ስክሪኑ ላይ «ዲስክ አልተገኘም» የሚል ነገር መቆሙን ብቻ ነው፤ ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሰብለ ለቅዳሜው ስብሰባ መዘጋጀት ስለነበረባት ሁለቱንም ፓኬጆች በፍላሽ ሰጠችኝና እኔ እንድወርድ ተስማማን።

ሐሙስ ወደ አንኮበር የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሰው ጠየቅሁ፤ ሦስቱም «ሰላም ነው» አሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ሹፌሩ ስለነበረ እሱን አልቆጠርኩትም። ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ጫኑት። ከበላዩ አንድ በግ እንደጫኑ ያወቅሁት ጎማ ተንፍሶ ሁላችንም ስንወርድ ነው። በጉ ሻንጣዬ ላይ ተኝቶ እየተመለከተኝ ነበር። የሚፈራው ነገርም ደርሷል፤ ብርድ ልብሴ ርሷል።

ጮህኩ። የበጉ ባለቤት፣ ነጠላዋን በወገቧ ያሰረች ሴት፣ «ይቅርታ እናቴ፣ እሱ መኪና ሲሄድ ይፈራል» አለች። «እኔም እፈራለሁ፤ ሰው ላይ ግን አልሸናም» አልኳት። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። በሕይወቴ ሁለተኛ ጊዜ ነው ሰው ሁሉ በአንድ ላይ ሲስቅ ያየሁት፤ በዚህኛው ግን የተሳቀው በእኔ ላይ አልነበረም። ጎማው እስኪቀየር ሴትዮዋ ከአገልግሏ ጭኮ አውጥታ ካሰችኝ። የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሚያምር ላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው የዚህ የሩቅ ዘመድ ነው።

ስለ አንኮበር ነገሥታት ብዙ ሰው ጽፏል፤ እኔ ያየሁት ጉም ነው። ከተማው ገደል አፋፍ ላይ ነው የተቀመጠው። ጉሙ ከታች ይነሣና በበር ይገባል። ያደርኩባት ሆቴል ባለቤት በሩን ስትዘጋ «ግባ ወይም ውጣ» ትለዋለች፣ እንደ ሰው። ቤተ መንግሥቱ የነበረበትን ኮረብታ ላሳይዎት አለችኝ፤ ጉሙ ውስጥ በጣቷ አመለከተች፤ አየሁት አልኩ። እርጥብ ብርድ ልብሴን ለማድረቅ ከሰል አቀጣጠለች። ሌላ ቦታ ቢሆን ይህ ሒሳብ ውስጥ ይገባ ነበር። እሷ ጋ አልገባም። ጠዋት ጉሙ ለጥቂት ጊዜ ተከፈተ፤ ከእግራችን ሥር እስከ ቆላው ድረስ ተራራው በደረጃ በደረጃ ሲወርድ ታየ። እንጦጦ ላይ ቆሞ ከተማ ማየት የለመደ ሰው እዚህ ሲቆም ወደኋላ አንድ እርምጃ ይሸሻል። እኔም ሸሸሁ።

ዓርብ ወደ አልዩ አምባ የወረድኩት በአይሱዙ ጋቢና ነው። በየመታጠፊያው አንድ ልብስ አወለቅሁ። ካፖርቱን፣ ከዚያ ሹራቡን፣ ከዚያ ሻሹን። ሹፌሩ «እማማ፣ ገና ነን፣ ይቆጥቡ» አለኝ። ስንደርስ ሙቀቱ ፊት ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ ተጠመጠመ። ጠዋት ትንፋሼ እየታየኝ ነበር የተነሣሁት።

ሁሴን መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ዕድሜው አርባ ገደማ ነው፤ በወገቡ ሽርጥ አገልድሟል። ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ገና ሰላም ሳንባባል።

«ምን አድርገህ ነው ይቅርታ የምትለኝ?»

«እኔ ምን አውቄ እናቴ። መመሪያውን አንብቤ ነው የጫንኩት። ከዚያ አጥፋ አብራ ይላል፤ አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ በቃ ዲስክ የለም አለ። ዲስኩ ደግሞ ይኸው፣ ሲሽከረከር ይሰማል፣ ወላሂ።»

«አሮጌው ከርነልስ? በእሱ ይነሣ ነበር።»

«ቦታ ስለጠበበ አጠፋሁት።»

«የጫንከው የትኛውን ነው?»

ሁሴን የሚያሾፍበት ሰው እንዳጋጠመው አየኝ። «ቆላውን ነዋ!»

«ለምን?»

እጁን ዘርግቶ ግቢውን፣ ሜዳውን፣ ፀሐዩን አሳየኝ። «እናቴ፣ ታዲያ የት ነው ያለነው?»

ዱቄት የሞላበት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሁሴን መጀመሪያ ደነገጠ፤ ሳስረዳው ግን ራሱን ይዞ ከእኔ ብሶ ሳቀ። «ደጋውማ ለአንኮበር የተሠራ ነው ብዬ! እዚህ ብጭነው ማሽኑን ያሞቀዋል ብዬ ሰጋሁ!» አለ። ሙቀት ለማሽን ጠላት መሆኑን ሰብለ ራሷ አስተምራዋለች፤ ሰውየው የተማረውን ነው የሠራው። እውነተኛ ሰርቨር ላይ የቨርቹዋል ማሽኑን ከርነል ጭኖበታል። ያ ከርነል ደግሞ የእውነተኛ ዲስክ ድራይቨር ጭራሽ አልያዘም፤ ዲስኩ አጠገቡ እየተሽከረከረ አያየውም።

ሁሴን ለጁምዓ ሶላት ሄደና እስኪመለስ ማሽኑን ከፍላሽ አስነሣሁት። ደጋውን ጫንኩ። አጥፍቼ አበራሁ። ዲስኩን አገኘ። ከዚያ፣ ከሰብለ እንደተማርኩት፣ ሶኬቱን ነቀልኩና መልሼ ሰካሁ። ተነሣ። ሁሴን ሲመለስ ስክሪኑን አይቶ «አልሐምዱሊላህ» አለና ወጥቶ ለገበሬዎቹ ጮኸላቸው። ከሰዓት በኋላ ጆንያ ሲመዘን ዋለ።

ግን ደስ አላለኝም። ዳኛቸው ቅዳሜ የሚናገረውን ከወዲሁ እሰማው ነበር። ቅርንጫፎቹ ባለሙያ የላቸውም፣ ሁለት ፓኬጅ ማለት ለስህተት ሁለት በር ነው ይላል። ይህን ጊዜ ደግሞ እውነት አለው። እውነት ሲይዝ ከሁሉ ይበልጥ አልወደውም።

ቀኑ ስለመሸ ሁሴን ቤት ማደር ግድ ሆነ። ዓርብ ነው፣ ጾም ነው፤ የእስላም ቤት ነው። ስለዚህ ሚስቱ ዘሃራ ትሪ ስታቀርብ ዳቦዬን አወጣሁ።

«እሱ ምንድን ነው?» አለች ዘሃራ።

«ጾመኛ ነኝ። አታስቸግሩ ብዬ ነው።»

«እማማ፣ ከክርስቲያን ጋር የምንኖር ሰዎች አይደለን? የእናንተ ድስት ለብቻው አለ፤ ሥጋም ቅቤም ነክቶት አያውቅም።» ክዳኑን ከፈተችው፤ የማሾ ወጥ ነበር። ዳቦዬን ወደ ሻንጣው ስመልስ ብርድ ልብሱን አየችውና አፍንጫዋን ያዘች። «ይኼስ?»

የበጉን ታሪክ ነገርኳት። ከዚያ ሲኒውንም፣ ስኳሩንም፣ ፔርሙዙንም አየች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ሁሴን፣ ና እያት! እንግዳ እንዲህ ተሸክሞ ይመጣል? አንጥፎ፣ አልብሶ፣ አብልቶ የሚያሳድረው ባለቤቱ አይደለም? እንግዳ ቤቱን ይዞ ከመጣ እኛ ምን ልንሠራ ነው?»

ጉርሻው አፌ ውስጥ እንዳለ ቆምኩ። በሙያችን ትልቁን ሰርቨር አስተናጋጅ፣ በውስጡ ያለውን ቨርቹዋል ማሽን ደግሞ እንግዳ የሚሉት ፈረንጆቹ ራሳቸው ናቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ቃሉን በእንግሊዝኛ ስናገረው ኖሬያለሁ፤ በአማርኛ አስቤው አላውቅም። ቨርቹዋል ማሽን እንግዳ ነው። ዲስክ ተሸክሞ አይመጣም፤ ቤቱ ይሰጠዋል። ሁሉን ተሸክሞ መገኘት ያለበት ባለቤቱ ነው።

«ሁሴን» አልኩ፣ «ፓኬጆቹ የእንግዳና የባለቤት ቢባሉ የትኛውን ትጭን ነበር?»

«ማሽኑ የራሳችን ነው፣ መጋዘኑም የራሳችን ነው» አለ። «ምን እንግዳ አለ እዚህ? ከእርስዎ ሌላ።»

ሁሴን ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ አወጣኝና ለሰብለ ደወልኩ። ስሞቹን እንድትቀይር ነገርኳት። ስሞቹን ትወዳቸው ነበር።

«ልብሱ ይቀራል ማለት ነው?» አለች።

«ልብሱ ያው ነው። መጠሪያው ነው የሚቀየረው።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጨምር» አለች ወዲያው። «ፓኬጁ ከመጫኑ በፊት ማሽኑን ይጠይቀው፣ እንግዳ ነህ ወይስ ባለቤት ብሎ። ካልሆነ እንቢ ይበል። ማሽኑ መቼም ራሱን ያውቃል።»

ይህን እኔ አላሰብኩትም። የእሷ ነው። ከኋላ ወንበር የሚሰማኝ ሰው ካለ ብዬ ደግሜ እጽፋለሁ፤ የእሷ ነው።

ዘሃራ ብርድ ልብሴን በዚያው ማታ አጠበችው፤ በቆላው ነፋስ ጠዋት ደርቆ አገኘሁት። ያን ሌሊት በእሷ አልጋ፣ በእሷ አንሶላ ተኛሁ።

ቅዳሜ በጠዋት ተነሥቼ ለስብሰባው ደረስኩ። ሥራ አስኪያጁ፣ የገበሬ ማኅበራቱ ተወካዮችና ፓኬጆቹን ሌሊቱን ሙሉ ስታስተካክል ያደረችው ሰብለ ነበሩ። ዳኛቸው ከሥራ አስኪያጁ በቀኝ ተቀምጧል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ብዕሩን አሁንም ጠረጴዛ ላይ እያንከባለለ ይጫወትበታል።

«ሮማን!» አለ ተነሥቶ። «አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?»

«ከአልዩ አምባ ነው የመጣሁት፣ አቶ ዳኛቸው። እርስዎስ?» አልኩት። ሁልጊዜም እርስዎ ነው የምለው። ድሮ አለቃዬ ስለነበረ ነው፤ በኋላ ግን አክብሮት አልነበረም፤ በመሐላችን ያቆምኩት አጥር ነው።

ያሰብኩትን ተናገረ። ጥሩ አድርጎ ተናገረ። «ለስህተት ሁለት በር ነው» አለ፤ ቃል በቃል የጠበቅሁት ነው። አንድ ከርነል፣ ሁሉን የያዘ፣ ለሁሉም። ተወካዮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሰብለን «እስቲ እዚህ ላፕቶፕ ላይ የቨርቹዋሉን ጫኚ። በሁለት ደቂቃ ሲሞት እናየዋለን» አላት።

ሰብለ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። ትእዛዙን ጻፈች። ስክሪኑ ግድግዳው ላይ በትልቁ ይታያል። ፓኬጁ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ በአማርኛ ጻፈ፦ «ይህ ማሽን እንግዳ አይደለም። የባለቤቱን ይጫኑ።»

ከተወካዮቹ አንዱ፣ ከመዘዞ የመጡ ሽማግሌ፣ ጮክ ብለው አነበቡትና «ይኼ ጨዋ ነው» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። ዳኛቸው ደግመሽ ሞክሪ አላት። ደገመች። ያው እንቢ አለ።

«ጥሩ ነው» አለ ዳኛቸው፣ ብዕሩን እያስቀመጠ። «አስብበታለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ የመጨረሻው ቃል የአማካሪው መሆኑን፣ ሰኞ ሲያሳውቋቸው እንደሚወስኑ ተናግረው ስብሰባውን ዘጉ። ሰብለ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «አስብበታለሁ ማለት አይሆንም ማለት ነው፣ አይደል?» አለች። በእኛ መሥሪያ ቤት ትርጉሙ እሱ ነበር።

እሑድ መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ ወይዘሮ አስካለ ወፍራሙን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቅልለው ሰጡኝ። አልወስድም ማለት ፈልጌ ነበር፤ ወሰድኩ። በር ላይ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ዳኛቸው ነው። «አዲስ አበባ ከሆንሽ አብረን እንሂድ፣ ዛሬ አውቶቡስ አታገኚም» አለ። የሰብለ ፊት ሂዱ ይል ነበር። ገባሁ።

እስከ ጫጫ ድረስ በመስኮቱ ሜዳውን ሳይ ሄድኩ። ጫጫ ላይ የበግ መንጋ መንገዱን ዘግቶት ቆምን። ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ፣ ወደ በጎቹ እያየ ተናገረ።

«ያን ጊዜ… የቀሚሱ ነገር። ልክ አልነበርኩም። ልክ አንቺ ነበርሽ።»

ይህን ቃል ስንት ዓመት እንደጠበቅሁት አልነግራችሁም። መልሱን ደግሞ በየጊዜው እያሻሻልኩ በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ። ሲደርስ ግን ከዚያ ሁሉ አንዱም አልመጣም።

«ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው ነበር?» አልኩት።

«የትኛው ክፍል?»

«የሳቀው።»

«እኔ እንጃ። ሁሉም ነበሩ።»

«አሁንስ?»

ዞር ብሎ የኋላውን ወንበር አየ፤ ብርድ ልብሴ ብቻ ነበር። «ሁለታችን» አለ።

«ለእኔ የነገሩኝ አይጠቅመኝም። ጡረታ ወጥቻለሁ። ለሥራ አስኪያጁ ይንገሩት።»

«ምን ብዬ?»

«ሁለቱም ይቀጥሉ ብለው። የልጅቱ ነው ብለው።»

«ሰኞ እደውላለሁ።»

«ሰኞ አላውቅም። ስልክዎ እሱ አይደለም እንዴ?» አልኩት፣ መሪው አጠገብ ያለውን እያሳየሁ።

ስልኩን አየ፣ ከዚያ እኔን። በጎቹ እያለፉ ነበር፤ ከኋላችን የቆመ ሚኒባስ ጥሩንባውን ይነፋል። መኪናውን ወደ ዳር አወጣና ደወለ። ድምፁን ከፍ እንዲያደርገው በእጄ አመለከትኩት፤ ከፍ አደረገው።

«እሑድ በመደወሌ ይቅርታ» አለ። «የትናንቱን አስቤበታለሁ። ሁለቱ ፓኬጆች ይቀጥሉ። እንቢ የሚለው ነገር ስጋቴን ዘግቶታል። አዎ… ሥራው የሰብለ ነው፣ የእሷ ብቻ ነው። ሐሳቡንም…» አቆመ፤ ወደ እኔ አየ። «ሐሳቡን ድሮ መሥሪያ ቤት እያለን ያመጣችው ወይዘሮ ሮማን ነበረች። እኔ አይደለሁም።»

ሥራ አስኪያጁ «እንግዲያው ለሰብለ አሁኑኑ እነግራታለሁ» ሲሉ ሁለታችንም ሰማን። ስልኩ ተዘጋ። የመጨረሻዋ በግ ተሻገረች፤ መንገዱ እስከ ሸኖ ድረስ ባዶ ሆነ። ዳኛቸው ሞተሩን አስነሣ፤ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ታረቅን ማለት ነው?» አለኝ።

«ንዳ» አልኩት።